ጥብጣብ የታሰረላቸው አውሮፕላኖች

ጓድ ዘለቀ ሞስኮ ለኮርስ ሄዶ ሲመለስ ሰው የጠበቀውን ነገር አላመጣም። መጽሐፍ ይዞ ይመጣል ያሉ ነበሩ። ካፖርት ያሉም ነበሩ፤ በአሶሳ ሙቀት ካፖርት ምን እንደሚያደርግለት እንጃ። እሱ ይዞ የመጣው አውሮፕላን ነው። መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የተሠራ፣ ከእውነተኛው ጄት በመጠን እንጂ በመልክ የማይለይ የጦር አውሮፕላን። ያውም አንድ አይደለም፤ ሻንጣ ሙሉ። ዛሬ "እሱ" እያልኩ አወራዋለሁ፤ ያኔ "እሳቸው" ነበር የሚባለው፣ ያውም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ።

እኔ ያን ጊዜ ከነጆ የመጣሁ፣ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙም ያልቆየሁ ጤና ረዳት ነበርኩ። ሌንሴ እባላለሁ። የተመደብኩት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የሰፈራ መንደር ነው። መንደሩ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ሰዎቹ ወሎዬዎች ናቸው። ድርቁ ከብታቸውን ከጨረሰ በኋላ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እንደ እቃ ታጭቀው፣ አንዱ በሌላው ላይ እያስመለሰ ነው አሶሳ የወረዱት። ሁሉም "ዶክተሬ" ይሉኝ ነበር። ዶክተር አይደለሁም ብዬ ብዬ ሲሰለቸኝ ተውኩት። ያደግኩት በወንጌላውያን ቤት ነው፤ ለትልቅ ሰው እሺ ማለትን ከጡት ጋር ነው የጠባሁት። ኃላፊ ሲያዝ ለምን ብዬ የምጠይቅ ልጅ አልነበርኩም።

ጓድ ዘለቀ የመንደሩ የበላይ ነበር። እህል የሚሰፈረው፣ ማሳ የሚመደበው፣ መኪና የሚንቀሳቀሰው በእሱ ቃል ነው። ቢሮው ስትገቡ ግን ስለ እህል አያወራችሁም። "ይህቺ ሚግ ሃያ አንድ ናት፤ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ቀጭን ዘንግ አያችሁ?" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወደ አሥራ ሰባት ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ሱኮይ ይሻገራል፣ እናንተ እግራችሁን እየቀያየራችሁ ትቆማላችሁ። እያንዳንዷ የራሷ መቆሚያ አላት። ጎማቸው ይሽከረከራል፤ የአብራሪው መስኮት እንኳን ተሠርቶላቸዋል። አቧራቸውን የሚያራግፈው እኔ ለቁስል ባስቀመጥኩት ፋሻ ነበር። ከሁሉም የበለጠች ሚግ ሃያ ሦስት የሚላት ናት፤ ትልቅና ከባድ፣ ክንፏ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ያን ክንፍ ማጠፍ የሚፈቀደው ለክቡር እንግዳ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ሰይድ የሚባል ሰፋሪ ለማሳ ጉዳይ ገብቶ፣ አውሮፕላኖቹን አንድ በአንድ አየና እኛን ያመጣችው የታለች ብሎ ጠየቀ።

"እሷ የጭነት ናት" አለው ጓድ ዘለቀ። "እኔ የምሰበስበው የውጊያ ብቻ ነው።"

ሰይድ ራሱን ነቀነቀና ወጣ። የማሳውን ነገር ሳያነሳ መውጣቱን ያስታወሰው ደጅ ከደረሰ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቁም ሳጥኑ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው። ክሊኒኬ የቀርከሃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላት ቤት ነበረች። አሶሳ የኖረ ምስጥን ያውቃል፤ መሬት የነካ ካርቶንና እንጨት ሁሉ የምስጥ ንብረት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የማኖረው ቁልፍ ባለው፣ ፊቱ መስተዋት በሆነ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። አራቱን እግሮቹን የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሞላባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቁሜዋለሁ፣ ምስጥ እንዳትወጣበት። በመንደሩ ውስጥ ምስጥ፣ ዝናብና እጅ የማይደርስበት ቦታ እሱ ብቻ ነው።

ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ጓድ ዘለቀም አውደ ርዕይ ላዘጋጅ አለ፤ የአውሮፕላን አውደ ርዕይ፣ በሰፈራ መንደር። እኔ ቁልፉን ቢሮ ትቼ ለክትባት ጎረቤት መንደር ሄጄ ስመለስ፣ ክሊኒኬ ውስጥ አራት ጣሳ ዘይት ብቻ ተደርድሮ አገኘሁ። መድኃኒቱ በካርቶን ተዘርግፎ መሬት ተቀምጧል። ቁም ሳጥኑ ቢሮ ገብቶ በቀይ ጨርቅ አጊጧል። ብጠይቀው፣ እንግዳው እንደሄደ ይመለሳል አለኝ። እሺ አልኩ። ካርቶኑን ድንጋይ ላይ አውጥቼ አደርኩ።

በነጋታው፣ እንግዳው በሚመጣበት ቀን ጠዋት፣ ሰይድና ሦስት ጎረቤቶቹ ባለቤቱን ከዲጃን በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ከዲጃ ሕፃን የምታጠባ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ባሏንም አላወቀችው። ሰውነቷ ይፋጃል፤ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ልጇን ሲያስጠጓት እጇን አልዘረጋችም። ወባ ወደ ጭንቅላት ሲወጣ አውቀዋለሁ። በዚያ ወራት ሁለት ሰው በዚሁ ቀብረናል። ኪኒን ልትውጥ አትችልም፤ የሚያድናት በጉሉኮስ ተበጥብጦ በደም ሥር የሚገባ የኩዊኒን መርፌ ብቻ ነው። መርፌው ደግሞ ነበረኝ። ካርቶኑን እስከ ታች ገለበጥኩ። ሁሉም ነገር አለ፤ ኩዊኒኑ የለም።

የቢሮው ዘበኛ አብዱልቃድር በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። የአካባቢው የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ አማርኛን በሥራ ላይ ነው የለመደው፤ ሁላችንንም "አንተ" ነበር የሚለን።

"ዶክተር፣ አንተ የምትፈልገው አውሮፕላን ሥር ነው" አለኝ። "ቀይ ጨርቅ አለ፣ ከጨርቅ ሥር ካርቶን አለ። ጓድ አለ፣ አንዱ አውሮፕላን ከፍ ይበል፣ አንዱ ዝቅ ይበል። ወላሂ፣ እኔ በእጄ አስቀመጥኩ።"

ገባኝ። የኩዊኒኑን ካርቶኖች የሚጎቹ ማቆሚያ ደረጃ አድርጓቸዋል።

እየሮጥኩ ሄድኩ። ጓድ ዘለቀ መንደሩ መግቢያ ላይ ከቀርከሃ የሚሠራውን የአቀባበል ቅስት ያስተካክላል። ቅስቱ በግራ በኩል ዘመም ብሏል፣ ያ ነው ያስጨነቀው። የሆነውን ነገርኩት። ቁልፉን እንዲሰጠኝ፣ አውጥቼ ወዲያው እንደምዘጋው ለመንኩት።

"ጥብጣብ ታስሯል እኮ" አለኝ።

"ፈትቼ መልሼ አስረዋለሁ፣ ጓድ።"

"እንግዳው የሚቆርጠው አንዴ ተፈትቶ የታሰረ ጥብጣብ ሊሆን ነው?"

የሚያሾፍ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። አያሾፍም። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቡ የተናገረ ሰው አይቼ አላውቅም።

"ደግሞ ካርቶኖቹ ከወጡ" አለ፣ "ሃያ አንዷ ከአሥራ ሰባቷ እኩል ልትቆም ነው። እንግዳው እስከ ቀትር ይደርሳል፤ እስከዚያ ትታገሥ።"

"ወባዋ እንግዳ አትጠብቅም" አልኩት። ራሴንም ገረመኝ። እሱ ግን ወደ ቅስቱ ዞሮ፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ማለቱን ቀጠለ። መኪናው ከዲጃን አሶሳ ያድርሳት ብዬ ጠየቅኩ። መኪናው የኪነት ቡድኑን ሊያመጣ አሶሳ ሄዷል አሉኝ።

ቀትር ሆነ። እንግዳ የለም። እርጥብ ጨርቅ እያደረግሁ ትኩሳቷን ለማብረድ እታገላለሁ። ሰይድ ጥግ ላይ ልጁን ታቅፎ ተቀምጧል። ቀትር ካለፈ በኋላ ከዲጃን አንዘፈዘፋት። ጥርሷ ተገጠመ፣ አረፋ ደፈቀች። ሴቶቹ ወጥተው ማልቀስ ጀመሩ፤ ሽማግሌው አቶ ይማም ራስጌዋ ቁጭ ብለው ከቁርኣን ያሲንን መቅራት ያዙ። ሲለቃት ሰይድ ተነሥቶ አጠገቤ መጣ። አልጮኸም።

"ዶክተሬ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አለ። "መድኃኒቱ አለ ወይስ የለም? የለም ካልሽኝ የአላህ ነው ብዬ ቁጭ እላለሁ። አለ ካልሽኝ ግን…"

አልጨረሰውም። እኔም የለም ማለት እችል ነበር። ኃላፊው ከልክሏል ከማለት የለም ማለት ይቀላል፤ ስንቱ መሥሪያ ቤት በዚህ ቃል ነው የሚተዳደረው።

"አለ" አልኩትና ወጣሁ።

ቢሮው ደጅ አብዱልቃድር ቆሟል። ቁልፍ እንደሌለው አውቃለሁ። ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ።

"ሰላት ደርሷል። እሄዳለሁ" አለ።

የቀትሩን ሰግዶ ሲመለስ አይቼዋለሁ፤ የሚቀጥለው ገና ነበር። ዞሮም አላየኝም።

ገባሁ። ቁም ሳጥኑ በጥብጣብ ወገቡ ታስሮ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ከመስተዋቱ ጀርባ አውሮፕላኖቹ ከፍ ዝቅ ብለው፣ አፍንጫቸውን ወደ እኔ አድርገው ተደርድረዋል። ከሥራቸው፣ ቀይ ጨርቁ ጫፍ ላይ፣ የኩዊኒኑ ካርቶን ጠርዝ ይታየኛል። በሩን ጎተትኩት፤ አይነቃነቅም። የሚመታ ነገር ፈለግሁ። ቢሮው ውስጥ ድንጋይ የለም፣ ዱላ የለም፤ ወንበሩ የቀርከሃ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ለእንግዳው እጅ ተለይታ የተቀመጠችው ሃያ ሦስቷ አለች።

አነሣኋት። በእውነት ከባድ ናት። ጭራዋን ጨብጬ በአፍንጫዋ መስተዋቱን መታሁት። መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ደግሜ ስመታው ወረደ። ጨርቁን ስስበው ያ ሁሉ የጦር ኃይል ተከታትሎ መሬት ላይ ተከሰከሰ፤ አንዱ ክንፉን ጣለ፣ አንዱ ጎማውን። አፍንጫዋ የተጣመመውን ሚግ ጠረጴዛው ላይ መለስኳት፣ ሁለት ካርቶን ኩዊኒን በሽርጤ ይዤ ሮጥኩ። እጄ መድማቱን ያየሁት ጉሉኮሱን ስሰቅል ነው።

መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ መግባት እንደጀመረ አብዱልቃድር ብቅ አለ። ቁም ሳጥን ባዶ ነው፣ ምስጥ ደግሞ ካርቶን እየበላ ነው፣ እወስዳለሁ አለኝ። ምን እንዳለ እንኳን በደንብ ሳልሰማ ውሰድ አልኩት። የቀረውን መድኃኒት ተሸክሞ ወደ ቢሮው ሄደ።

ከእሱ በኋላ የመጣው ጓድ ዘለቀ ነው፣ ሁለት ሚሊሺያ አስከትሎ። ሃያ ሦስቷን በሁለት እጁ እንደ ቆሰለች ዶሮ ታቅፏታል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ተሳስቼ አይደለም፤ እንባ ነው። እዚያች ቤት ከጠዋት ጀምሮ አንዲት እናት ከሞት ጋር ስትታገል አንዴ ብቅ ብሎ ያላየ ሰው፣ ለአንድ ብረት አፍንጫ አለቀሰ።

አሻጥር ነው አለ። ፀረ አብዮት ነው አለ። ውሰዷት አላቸው። ሚሊሺያዎቹ ራሳቸው ሰፋሪዎች ናቸው፤ አንዱ ወደ ጉሉኮሱ እያየ ሲያልቅ ብንወስዳትስ አለ። አቶ ይማም ተነሥተው መሃል ገቡ። ልጅቷ አጥፍታለች እንበል አሉ፤ በአገራችን ደንብ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ያጠፋ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ በዚሁ ይብቃ አሉ። ጓድ ዘለቀ አሰበበት። አሰበበትና ተስማማ።

"ድንጋይ አይደለም ግን" አለ። "ይህቺን ተሸክማ፣ በሕዝብ ፊት፣ እንግዳው ባለበት።"

አቶ ይማም ሚጓን አዩ፣ እኔን አዩ። "ልጄ፣ ታዲያ ይቅርታ የምትጠይቀው ማንን ነው? አንተን ነው ወይስ አውሮፕላኑን?" አሉት።

የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ጓድ ዘለቀ ሚጓን እንደታቀፈ ወደ ቅስቱ ሮጠ።

ትንሽ ቆይቶ አንዱ ሚሊሺያ ተመልሶ ቢሮ ትፈለጊያለሽ አለኝ። ከዲጃ መንዘፍዘፉ ትቷት በከባዱ ትተነፍሳለች። የጉሉኮሱን ጠርሙስ ለሰይድ አስይዤ፣ እንዳታወርደው ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እስር ቤት የምሄድ ስለመሰለኝ ልጃቸውን ዞሬ አየሁት። ፈርቼ ነበር። ግን ሰይድ ሲጠይቀኝ አለ ማለቴን በልቤ ደገምኩት፤ እንደሱ እያልኩ ወደ ቢሮው ሄድኩ።

ቢሮው በሰው ተሞልቷል። እንግዳው ሰፊ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ የመንገዱ አቧራ አለ፤ ሰዓቱን ያያል። ጓድ ዘለቀ መጀመሪያ ማሳውን ይጎብኙ እያለ ሊያስወጣው ይታገላል። እንግዳው ግን አውደ ርዕይ አለ ተብያለሁ፣ ዝናብ ሳይመጣ መመለስ አለብኝ ብሎ መቀሱን ተቀብሏል። በሰው ትከሻ መሃል ቁም ሳጥኑን አየሁት። ስብርባሪው ተጠርጓል። አውሮፕላኖቹ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልለው ጠረጴዛው ሥር ተሸጉጠዋል። መደርደሪያዎቹ ላይ መድኃኒቶቼ ሁሉ፣ ጠርሙሱ ከጠርሙስ፣ ካርቶኑ ከካርቶን ጋር ተደርድረዋል። ጥብጣቡ እንደታሰረ ነው። አብዱልቃድር በሩ ላይ ቆሞ ጣራውን ያያል።

እንግዳው ጥብጣቡን ቆረጠ። ተጨበጨበ። ከዚያ እጁን ወደ መስተዋቱ ሰደደ፤ እጁ ዘው ብሎ ገባ። የጓድ ዘለቀ ግንባር ላይ ላብ ሲወርድ ከቆምኩበት ይታየኛል።

"መስተዋት የለውም" አለ እንግዳው። እጁን መልሶ አወጣ። "ገባኝ። በሕዝብና በመድኃኒት መሃል ግርዶሽ አያስፈልግም ማለታችሁ ነው።"

እንደዚያ ያለ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ተጨበጨበ።

"የማን ሐሳብ ነው ይሄ?"

ጓድ ዘለቀ ወደ እኔ አየ። ከተመደብኩ ጀምሮ ሰው መሆኔን ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። ሊያሳስረኝ የጠራኝ ሰው በዓይኑ ይለምነኛል። ላዋርደው እችል ነበር፤ አማረኝም። ከዚያ የተጠለፈው ቁም ሳጥኔ ትዝ አለኝ።

"የጓድ ዘለቀ ነው" አልኩ። "ዛሬውኑ ወደ ክሊኒኩ እንዲመለስም አዘዋል።"

እንግዳው እጁን ጨበጠው። በሌላ ቦታም ሊለመድ የሚገባው ነው አለ፣ ስለ አብዮቱ ትንሽ ተናገረ፣ የታረደለትን ፍየል በላ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ሄደ። የመድኃኒቶቹን ስም አንዱንም አልጠየቀ። ከዲጃ ከቢሮው ጥቂት እርምጃ ርቃ እንደተኛች የነገረው የለም፤ የጠየቀም የለም።

ቁም ሳጥኑ ሳይመሽ ዘይት ጣሳዎቹ ውስጥ ቆመ። ከዲጃ በማግስቱ ዓይኗን ገልጣ ልጄስ አለች። ያን ቃል የሰማሁበትን ጠዋት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ወጥቼ ከክሊኒኩ ጀርባ አለቀስኩ። አቶ ይማም ደግሞ ያን ሳምንት እህል ሲሰፈር፣ ሰው ሁሉ በተሰለፈበት፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ጓድ ዘለቀን ጠየቁት። "ልጄ፣ ታዲያ ልጅቷ አውሮፕላኑን የምትሸከመው መቼ ነው? እኛ ሽማግሌዎቹ ዝግጁ ነን" አሉት። ይቅር አለ፣ ጫማውን እያየ። ሰልፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቀ።

ጓድ ዘለቀ ብዙም ሳይቆይ አደገ። አርአያ በሆነ የጤና አገልግሎት ተመስግኖ ወደ ትልቅ ቦታ ተዛወረ። ቀልድ አይደለም። አውሮፕላኖቹን ጠጋግኖ ይዟቸው ሄደ፤ ሃያ ሦስቷን ግን አፍንጫዋ የተጣመመ አታስፈልገኝም ብሎ ጥሏት ነበርና አብዱልቃድር አምጥቶ ሰጠኝ።

አንባቢዎቼ፣ በዚያች ቀን ጀግና ሆንኩ ልላችሁ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠብኝ። ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ሁሉ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ እየመሰለኝ ነበር ያደግሁት፤ ከዚያ በኋላ እንደሱ ማሰብ እንቢ አለኝ። አሁንም ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው ጥብጣቡ የት እንደታሰረና ከጨርቁ ሥር ምን እንደተደበቀ ነው። እናንተም እዩ፤ የጠፋ የሚሏችሁ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፣ የሆነ ሰው መጫወቻውን አቁሞበት ነው። መጫወቻው ዘመን ባለፈ ቁጥር ስሙ ይለወጣል እንጂ አላለቀም።

ዛሬ አሶሳ ከተማ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለኝ። ሃያ ሦስቷ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ትይዝልኛለች፤ ከባድ ስለሆነች ለዚያ ትመቻለች። ባለፈው አንድ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ ወጣት መድኃኒት ሊገዛ ገብቶ ዓይኑ በራ። አንስቶ አገላበጣት፣ ክንፏን አጠፈ፣ ዘረጋ። እንዲህ ያሉትን የሚሰበስቡ ሰዎች እንዳሉ፣ ይህቺ ደግሞ የድሮ እንደሆነች፣ እንደማትገኝ አስረዳኝ። ከዚያ አፍንጫዋን በጣቱ ነካና አዘነ።

"ይህ ባይበላሽ ኖሮ" አለኝ፣ "ትልቅ ዋጋ ነበራት። ዋጋዋን የጣለው እሱ ነው።"

ተቀበልኩትና በሩ ሥር መለስኳት።

"ልጄ፣ ከመላው አካሏ ሥራ ሠርቶ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው" አልኩት።